ፓሲቭ ፕሪአምፕ ይበቃኛል ወይስ አክቲቭ ልግዛ?

ጤና ይስጥልኝ። የቤቴን ስቴሪዮ ላሟላ ብዬ ፕሪአምፕ (ከፓወር አምፕ በፊት የሚገባው የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) ምርጫ ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ። ፓሲቩ ሲግናሉን መቀነስ ብቻ ነው የሚችለው፣ አክቲቩ ግን ማሳደግም ይችላል። ፓወር አምፕ (ስፒከሩን የሚነዳው ማጉያ) እና ስፒከር አለኝ። ሙዚቃ የምሰማው ከላፕቶፕ በዳክ (ዲጂታሉን ወደ አናሎግ ሲግናል የሚቀይር ዕቃ) በኩል፣ ከዚያ ደግሞ በሸክላ ማጫወቻ ነው። ሸክላዎቹ ከአባቴ የወረስኳቸው ናቸው፤ አብዛኞቹ የአምሃ ሪከርድስ ባለ 45 ዙሮች።

አንድ ጓደኛዬ «ፓሲቭ ይበቃሃል፣ ድምፅ መቀነሻ ብቻ ነው የጎደለህ» ይለኛል። ለዳኩ እውነቱን ነው። ዳኩ 2 ቮልት ያወጣል፣ ፓወር አምፑ ደግሞ በ1.2 ቮልት ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። ጣጣው ሸክላው ላይ ነው። ካርትሪጁ (መርፌው ያለበት ክፍል) ኤምኤም (ሙቪንግ ማግኔት) የሚባለው ዓይነት ነው፣ የሚያወጣው 4 ሚሊቮልት ገደማ። 40 ዴሲቤል (100 እጥፍ) የሚያሳድግ ፎኖ ስቴጅ (የሸክላውን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ዕቃ) ባስገባለት 0.4 ቮልት ብቻ ነው የማገኘው። ለማታ ለስለስ ብሎ ለመስማት ይሆናል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ጮክ ካላደረግኩት ሙዚቃ የሰማሁ አይመስለኝም።

እና ፎኖ ያለው አክቲቭ ፕሪአምፕ ልግዛ? ወይስ ፓሲቩን ይዤ 46 ዴሲቤል የሚሰጥ ፎኖ ስቴጅ ልፈልግ? ያኔ 0.8 ቮልት ይደርስልኛል፤ ግን እምምም የሚለው የ50 ኸርዝ የመብራት ድምፅም አብሮ አያድግም? ሪሞት ቢኖረው ደስ ይለኛል፣ ግዴታ ግን አይደለም። ሁለቱንም የሞከራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ የቱን ልያዝ?