ለውሻና ለድመት ጥሬ ሳንባና ሥጋ መስጠት ይገባል ወይስ አይገባም? የሐዋሳ አሳዳጊዎች ክርክር

ጥያቄ አቅራቢው፣ ከታቦር

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣ ሁለት የግቢ ውሾችና አንዲት ድመት አሉኝ። ለዓመታት ውሾቹን ከውጭ በሚገባ ደረቅ መኖ ሳሳድግ ቆይቻለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን የመኖው ዋጋ ከቤተሰቤ አቅም በላይ ሆኗል። የሰፈራችን ሥጋ ቤት ደግሞ ሳንባ፣ ጣፊያና የጨጓራ ቁራጭ በጥቂት ብር፣ አንዳንድ ቀንም በነፃ ይሰጠኛል። ውሻ የተኩላ ዘር ነውና፣ ተኩላም ምጣድና ድስት ስለማያውቅ፣ ይህንን ጥሬውን ብሰጣቸው ከከረጢቱ መኖ የተሻለ የተፈጥሮ ምግብ ይሆንላቸዋል ብዬ አምናለሁ። ባለቤቴ ግን አጥብቃ ትቃወማለች። ይህ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በየሰፈሩ ስንትና ስንት ቤተሰብ ይህንኑ እያደረገ ስለሆነ፣ በግልጽ እንድንከራከርበት እጠይቃለሁ።

ከሐይቅ ዳር

እኔ ያለ ማመንታት ከእርስዎ ጋር ነኝ። እኅቴ በምትኖርበት በአሜሪካ ፌሬት የምትባል፣ የእኛን ሸለምጥማጥ የምትመስል ቀጭን ለማዳ እንስሳ በቤት ያሳድጋሉ። የዚች እንስሳ አንጀት አጭር ከመሆኑ የተነሣ የበላችው ምግብ በሦስትና በአራት ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ የእህል ዱቄት የበዛበት ደረቅ መኖ እምብዛም አይጠቅማትም። እኅቴ በጥቂት በጥቂቱ እየቀላቀለች፣ በብዙ ሳምንታት ትዕግሥት ወደ ጥሬ ሥጋ አሸጋግራታለች። ትዕግሥት ያስፈለገውም ፌሬት በልጅነቷ የለመደችውን ሽታ ብቻ ምግብ ብላ ስለምትቀበል ነው። ሥጋ በል እንስሳ ሥጋ ሲበላ ይጠግባል፣ ጸጉሩ ያበራል፣ ኩሱም ይቀንሳል። ይህንን በራሴ ድመት ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ራሳችን ቁርጥና ክትፎ የምንበላ ሕዝብ ሆነን ለውሻ ጥሬ ሥጋ ያስፈራል ማለት አይገባኝም።

የእንስሳት ሐኪሙ

ወንድሜ ያነሡት የፌሬት ነገር እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከፌሬት ወደ ውሻ የተሻገሩበት መንገድ ስሕተት አለበት። ፌሬትና ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማይችሉ እንስሳት ናቸው። ውሻ ግን ከሰው ጋር በኖረበት ረጅም ዘመን ውስጥ ተለውጧል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ጥናት እንዳሳየው፣ የእህልን ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያዝዘው ዘረመል ከተኩላ ይልቅ በውሻ ውስጥ እጅግ ተባዝቶ ይገኛል። ስለዚህ የበሰለ በቆሎና ሩዝ ከሥጋ ጋር ተቀላቅሎ ለውሻ መስጠት በተፈጥሮው ላይ ማመፅ አይደለም።

ይህን የምለው ግን ለመንደርደሪያ ያህል ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሳንባው ነው። በከተማችን ዙሪያ በሚታረዱ በጎች፣ ፍየሎችና ከብቶች ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ያላየ ሰው ጥቂት ይመስለኛል። ብዙዎች ቁስል ወይም የብርድ ምልክት ነው ይሉታል። በሕክምናው ሃይዳቲድ የሚባለው ይህ ከረጢት በውስጡ የአንድ ትንሽ ትል እጮችን የያዘ ነው። ውሻ ከረጢቱን በጥሬው ሲበላ እጮቹ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትሎችም ሊሆኑ ይችላሉ። እያንዳንዱ ትል ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ በመሆኑ በኩሱ ውስጥ አይታይም፤ ውሻውም ሳይታመም፣ ሳይከሳ እንደ ወትሮው ይጫወታል። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ግን እንቁላሉ ከኩስ ጋር መውጣት ይጀምራል፤ በጸጉሩ ላይ ይጣበቃል፤ በእርጥብና ቀዝቃዛ አፈርም ለወራት ይቆያል። ከዚያም በጉ በሣሩ፣ ሕፃኑ በእጁ ይውጠዋል። በሰው ውስጥ ከረጢቱ በአብዛኛው በጉበት፣ ቀጥሎም በሳንባ ይበቅላል። እድገቱ አዝጋሚ ስለሆነ በልጅነቱ የተለከፈ ሰው ሕመሙን የሚያውቀው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከረጢቱ በሆድ ውስጥ ቢፈነዳ ደግሞ ድንገተኛ ሞት እስከማስከተል ይደርሳል።

ወንድሜ ስለ ቁርጥ ያነሡትንም ልመልስ። እኛ ከጥሬ የበሬ ሥጋ የምንይዘው የኮሶ ትል ነው፤ አያቶቻችን ስለሚያውቁት የኮሶን አበባ ፈጭተው ይጠጡለት ነበር። በዚያ በሽታ ትሉን የሚሸከመው ራሱ በላተኛው ነው። በዚህኛው ግን ጥሬውን የሚበላው ውሻ ሆኖ ዋጋውን የሚከፍለው የቤቱ ሕፃን ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም።

ቀድሞ በቄራ የሠራሁ

ዶክተሩ የተናገሩትን በቢላዬ አውቀዋለሁ። በቄራ የሥጋ መርማሪ ሳንባና ጉበቱን በእጁ እየዳሰሰ፣ እየቀደደ ያያል፤ ከረጢት ያለበትንም ያስወግዳል። ነገር ግን በሳንባው ውስጥ ጠልቆ የተደበቀ፣ የአተር ፍሬ የሚያህል ከረጢት ከላይ ሲያዩት አይታወቅም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በየቤቱ የሚታረደው ነው። ለፋሲካ ወይም ለገና ቅርጫ የገቡ ጎረቤታሞች በሬውን በግቢ ሲጥሉ መርማሪ የለም። ሥጋው በመደብ በመደብ በጥንቃቄ ይከፋፈላል፤ ሳንባው ግን በአጥር ላይ ይወረወራል፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተሰብስቦ ይቀራመተዋል። እኔም ራሴ በወጣትነቴ ለዓመታት እንዲህ ስወረውር ኖሬአለሁ፤ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

የሦስት ልጆች እናት፣ ከመናኸሪያ ሰፈር

ይህንን ካነበብሁ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ውሻችን ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ ሳንባ በጥሬው ትበላለች፤ ትንሹ ልጄ ደግሞ አንገቷን አቅፎ ነው የሚውለው። ውሻዋን ማስወገድ አለብኝን?

የእንስሳት ሐኪሙ

በፍጹም አያስወግዷት፣ እኅቴ። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ትሉን ይገድለዋል፤ ልኩ በክብደቷ ስለሚወሰን ወደ ሐኪም ይዘዋት ይሂዱ። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ ከተሰጣት በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ኩሷን ሰብስበው ያቃጥሉ ወይም በጥልቀት ይቅበሩ። ልጁ ከተጫወተ በኋላና ከምግብ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጎመንና ሰላጣም በብዙ ውኃ ይታጠብ። ጥሬ የሆድ ዕቃ ማግኘቷን በእርግጠኝነት እስኪያቆሙ ድረስ መድኃኒቱን በየስድስት ሳምንቱ መድገም ያስፈልጋል። የስድስት ሳምንቱም ምክንያት ቀደም ብዬ የገለጽሁት ነው፤ አዲስ የገባ ትል እንቁላል ከመጣሉ በፊት እንዲያዝ ነው። ልጁ ምንም ሕመም ባይኖረውም፣ ለልብዎ ዕረፍት የሆድ አልትራሳውንድ ቢያሠሩለት አልቃወምም።

ከሐይቅ ዳር

ስለ ሳንባና ጉበት የቀረበውን ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በጥሬው አልሰጥም። ሆኖም ክርክሩን ከሳንባ ወደ ሥጋ ሁሉ መለጠጥ ተገቢ አይመስለኝም። ከታወቀ ሥጋ ቤት የተገዛ የበሬ ቀይ ሥጋ በማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ ለ10 ቀናት ከቆየ በኋላ ለድመት ቢሰጥ ጉዳቱ ምንድን ነው? ሲበስልስ ለድመት የሚያስፈልገው ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር አይጠፋምን?

ድመት አሳዳጊዋ

ስለ ታውሪን ያነሡት ጥያቄ የሚመሰገን ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተደረገ ምርምር ታውሪን ያነሳት ድመት ልቧ እየሰፋና እየደከመ እንደሚሄድ ካረጋገጠ በኋላ ነው የመኖ አምራቾች መጠኑን የጨመሩት። ታውሪን ሲቀቀል የሚሄደው በአብዛኛው ወደ መረቁ ነው። ስለዚህ መረቁን ከሥጋው ጋር መስጠት እንጂ ሥጋውን ጥሬ ማድረግ አያስፈልግም። ልብ ደግሞ በታውሪን የበለጸገ ስለሆነ በርካሽ የሚገኝ መድኃኒት ነው።

እግረ መንገዴን በከተማችን ስለማየው ሌላ ነገር ልናገር። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ፣ ብዙ ቤተሰብ ድመቱን በሽሮ ፍትፍት ያሳልፋል። ይህ በሁለት መንገድ ይጎዳታል፤ ድመት ታውሪንን ከእንስሳት ብቻ ስለምታገኝ፣ እንዲሁም በወጡ ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት የደም ሴሏን ስለሚያፈርስ ነው። ውሻንም ሽንኩርት ይጎዳዋል። እኛ ሐይቅ ያለን ሰዎች ግን መፍትሔው በእጃችን ነው። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የቆሮሶ ዓሣ ጭንቅላትና ፍርፋሪ በትንሽ ዋጋ ይገኛል። ያንን ቀቅሎ፣ አጥንቱን ለቅሞ መስጠት ነው። አንዳንድ የዓሣ ዓይነት በጥሬው ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላለው፣ ዘወትር ጥሬ ዓሣ የምትበላ ድመት አንገቷን መያዝ እስኪያቅታት ልትደክም ትችላለች፤ እሳት ግን ያንን ኢንዛይም ያጠፋዋል።

ጥሬ ሥጋ የምትበላ ድመት ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ጥገኛ ልትይዝና ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኩሷ ልታሠራጭ ትችላለች። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የወጣው ነገር ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈልግ፣ ኩሱን በየቀኑ ሌላ ሰው ቢያነሣው ይመረጣል።

የእንስሳት ሐኪሙ

ስለ ማቀዝቀዣው እኔ ልጨምር። በእርግጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀናት የቆየ ሥጋ ውስጥ የእነዚህ ጥገኞች እጭ ይሞታል። ነገር ግን መብራት በሚጠፋበት ቤት ውስጥ ያ ቅዝቃዜ ሳይቋረጥ መቆየቱን ማን ያረጋግጣል? ባክቴሪያንና ቫይረስንም ብርድ አይገድላቸውም፤ ያቆያቸዋል እንጂ። በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት አንድ የቤት ድመት በበረዶ የተጠበቀ ጥሬ የተርኪ ዶሮ ምግብ በልታ በወፍ ጉንፋን ሞታለች። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያልበሰለ የእንስሳት ውጤት ለውሻና ለድመት እንዳይሰጥ ይመክራል።

ከሐይቅ ዳር

የዶክተሩን ጭንቀት አከብራለሁ፤ በዚህ ነጥብ ግን አልተስማማሁም። ቤቴ ውስጥ ሕፃንም ነፍሰ ጡርም የለም፤ ማቀዝቀዣዬንም እከታተላለሁ። ቀይ ሥጋውን ለድመቴ በጥሬው እቀጥላለሁ። ሳንባና ጉበት ግን ያለ እሳት ከደጄ አይገባም።

ቀድሞ በቄራ የሠራሁ

እንግዲያውስ የሁላችንም የሆነውን ጥያቄ እናንሣ፤ ሥጋ ቤቶች ጥሬ ሳንባ ለውሻ እንዳይሰጡ መከልከል አለባቸውን? እኔ መከልከልን አልደግፍም። ዘበኛ ውሻ የሚያሳድግ ድሃ ቤተሰብ ሳንባውን ሲከለከል፣ ውሻው የሚያመራው ወደ ቆሻሻ ገንዳ ነው፤ እዚያ ደግሞ የባሰ ያገኛል። የሚሻለው ሥጋ ሻጩ «ቀቅሉት» ብሎ እንዲሰጥ፣ ከረጢት ያየበትን ግን ለማንም እንዳይሰጥ ማስለመድ ነው። በየቤቱ ለሚታረደው ደግሞ ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ ውሻ ጭሮ እንዳያወጣው ጥልቅ የሆነና በድንጋይ የሚከደን።

ድመት አሳዳጊዋ

ምክር ብቻውን ይበቃል ብዬ አላምንም። ኒውዚላንድ ውስጥ ይኸው በሽታ የተስፋፋው ለእረኛ ውሾች ጥሬ የበግ የሆድ ዕቃ በመስጠት ነበር። አገሪቱ ይህንን በሕግ ከልክላ፣ ውሾችንም አስመርምራና አክማ በ2002 እ.ኤ.አ. ከበሽታው በጊዜያዊነት ነፃ መሆኗን ያወጀችው ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት ጥረት በኋላ ነው። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በበዙበት ከተማ፣ የጥንቁቁ ቤት ጥንቃቄ በግዴለሹ ቤት ይፈርሳል።

የእንስሳት ሐኪሙ

አይስላንድ ግን ሥራዋን የጀመረችው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ለየገበሬው ቤት በታደለ ትምህርታዊ ጽሑፍ ነበር። ሕግ ይውጣ የምትሉትን አልቃወምም፤ እስኪወጣ ድረስ ግን ለቀጣዩ በዓል የሚታረደው በሬ አይጠብቀንም።

ጥያቄ አቅራቢው፣ ከታቦር

ይዤው የመጣሁት አሳብ ሳንባውን በተመለከተ ተለውጧል፤ ባለቤቴንም ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ፤ ሳንባውን እስከ መቼ ልቀቅለው? ሥጋና ሩዝ ብቻስ ለቡችላ አጥንት ይበቃዋልን?

የእንስሳት ሐኪሙ

ሳንባውን በትንሽ በትንሹ ቆራርጠው፣ ውኃው ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ይቀቅሉት። ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት አይግባበት። የቆራረጡበትን ቢላዋና ጣውላ በፈላ ውኃ ይጠቡ። ጉበት ከምግቡ ሃያኛ እጅ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ዘወትር ጉበት የምትበላ ድመት በቫይታሚን ኤ ብዛት የአንገት አጥንቷ ይጣበቃል። ሥጋ ብቻውን በቂ ካልሲየም ስለሌለው የቡችላ አጥንት ይለሰልሳል። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ሥጋ፣ ታጥቦና ደርቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ይጨምሩ፤ ይህ ወደ 2 ግራም ካልሲየም ይሰጣል። የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አይስጧቸው።

ጥያቄ አቅራቢው፣ ከታቦር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጉድጓዱን ነገር በሚቀጥለው የእድራችን ስብሰባ አቀርባለሁ። ከእድሩ ቤት ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ለዚህ ይበቃል፤ ድንጋዩንም እኔ አመጣለሁ። ቀድሞ በቄራ የሠሩት ወንድሜ የጉድጓዱን ጥልቀት መጥተው ቢያሳዩን፣ ከበዓሉ በፊት ቁፋሮውን እንጨርሰዋለን።

ቀድሞ በቄራ የሠራሁ

እመጣለሁ። ከጉድጓድ ውኃ መቅጃና ከጎርፍ መውረጃ የራቀ መሆኑን ብቻ አስቀድመው ያረጋግጡልኝ።