ሁሉም ይጨነቅልኛል፤ ከእኔ ጋር የሚያወራ ግን ጠፋ

የደሴዋ፦
የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ መምህርት ነኝ። የጡት ካንሰር እንዳለብኝ የሰማሁት ከሐኪሙ ሳይሆን ከታላቅ ወንድሜ ነው፤ እሱም «ተራ እብጠት ነው» እያለ ብዙ ከቆየ በኋላ። አሁን አዲስ አበባ እሱ ቤት ተቀምጬ በየ21 ቀኑ ኬሞ እወስዳለሁ። መድኃኒቱን ችየዋለሁ። ያልቻልኩት ዝምታውን ነው። ወደ ሳሎን ስገባ ወሬ ይቋረጣል። እናቴ ጓዳ ገብታ ታለቅስና ፊቷን ታጥባ ወጥታ «ዛሬስ አምሮብሻል» ትለኛለች። ቡና ሲፈላ ለእኔ የብቻዬ ሲኒ ተለይቶልኛል። ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ስለ ገዛ ልጄ ትምህርት እንኳ የሚያማክረኝ የለም፤ ሳልሞት ከቤቱ ጉዳይ ወጣሁ። ሳላስቀይማቸው እንዴት ልንገራቸው?

ሲስተር፦
እህቴ፣ ከሲኒው ልጀምር። ካንሰር በሲኒም፣ አብሮ በመተኛትም፣ በመተቃቀፍም አይተላለፍም። ኬሞ ከወሰድሽ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ትውከትና ሽንት የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ፤ መድኃኒቱ በእነዚህ ስለሚወጣ ነው። ከሰው መጠበቅ ያለብሽስ አንቺ ነሽ። ኬሞ ከወሰድሽ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ በሽታ የሚከላከሉልሽ ነጭ የደም ሴሎችሽ ስለሚቀንሱ ጉንፋን የያዘው ሰው በዚያ ሰሞን አይጠይቅሽ። ትኩሳት ከተሰማሽ ሌሊትም ቢሆን ሳትዘገዪ ሆስፒታል ሂጂ።

በቀጠሮሽ ቀን ወንድምሽን ይዘሽ ግቢና ሐኪሙን «ለእኔ ይንገሩኝ፤ እሱም ይስማ» በያቸው። ብዙ ቤተሰብ አንደበቱ የሚፈታው እዚያ ክፍል ውስጥ ሲሆን አይቻለሁ። እንቅልፍሽ ጠፍቶ ምንም ነገር ደስ አልልሽ ካለና ሁለት ሳምንት ካለፈው ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪያቸው፤ የሚታከም ነው።

ባለ ሱቁ፦
ባለቤቴ የማኅፀን በር ካንሰር ታክማለች። በዚያ ሁሉ መሐል የሱቁን ሒሳብ ማታ ማታ የምትዘጋው እሷ ነበረች፤ «ዛሬ እኔ ልሥራው» ስላት ትቆጣ ነበር። አንቺም ከቤቱ ሥራ አንዱን «ይህ የእኔ ነው» ብለሽ ያዢ። ሌላው ጾም ነው። በሁዳዴ ወተትና እንቁላል አልነካም ብላ በጣም ከሳች፤ እኔ ብለምን አልሰማችኝም። የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው ፈቀዱላት፤ የዚያን ዕለት በላች።

ከጎንደር፦
እኔ አዲስ አበባ ዘመድ ስላልነበረኝ ያረፍኩት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለምንመጣ ታካሚዎች ባዘጋጀው ማረፊያ ነው። ፀጉራችን የረገፈ ሴቶች አንዳችን ለሌላችን ሻሽ እናስር ነበር። ስለ ሞትም ስለ ሽንኩርት ዋጋም እኩል እናወራለን፤ ማንም ድምፁን አይቀንስም። ቤተሰብ የማይሰጥሽን እንዲህ ያለ ወሬ ከታመሙ ሴቶች ፈልጊ።

የደሴዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ ወንድሜን ይዤው እገባለሁ። የልጄን የትምህርት ቤት ጉዳይ ግን ሐሙስን ሳልጠብቅ ዛሬ እረከበዋለሁ። የጎንደሯ እህቴ፣ ዘመድ ቤት ያረፈ ሰውም እዚያ ማረፊያ እየሄደ ከሴቶቹ ጋር መጨዋወት ይፈቀድለታል?