ለእናቴ የቢጫ ወባ ክትባት ጅማ የት ይገኛል?

ሰላም ወገኖቼ፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። እናቴን ለልብ ሕክምና ወደ ዴልሂ ልወስዳት ነው። በረራችን ከ15 ቀን በኋላ ነው። ፓስፖርቱም ቪዛውም እጃችን ገብቷል። የቢጫ ወባ ካርድ እንደሚያስፈልግ ግን ትናንት ነው የሰማሁት።

ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ካርዱ የሌለውን መንገደኛ ሕንድ ላይ እስከ 6 ቀን ለይተው ያቆዩታል። እሷ ደግሞ 68 ዓመቷ ነው። ከ60 በላይ ለሆነ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ጅማ ውስጥ ክትባቱን ከነካርዱ የሚሰጥ ቦታ ታውቃላችሁ? ወይስ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው? ያን ሁሉ መንገድ በመኪና ሁለቴ መመላለስ አትችልም፤ ደረጃ ስትወጣ እንኳ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ አትከተብ ካለስ? በሐኪም ደብዳቤ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።