ልጄ ድክ ድክ ማለት ጀመረ፣ ቤታችን ግን አንድ ክፍል ነው፤ እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

የባቢ እናት፦
ሰላም ናችሁ የባህር ዳር እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ። እኛ ሽምብጥ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው፣ ልጄ 14 ወሩ ነው፣ ከፋሲካ ወዲህ ድክ ድክ ማለት ጀመረና በቃ ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብዬ ምግብ በልቼ አላውቅም። ቅዳሜ አማቴ ቡና እያፈሉ እኔ ልብስ ላሰጣ ወጣ ስል ረከቦቱን ይዞ ሊነሳ ሲል ሲኒው ሁሉ ተንጋጋ፣ የተቀዳው አንዱ እጁ ላይ ፈሰሰ። ጩኸቱን ሰምቼ ስገባ አማቴ እጁን በጥርስ ሳሙና ነጭ አድርገውታል፣ ከድንጋጤ ነው ምን ይፈረድባቸዋል። ጤና ጣቢያ ስንደርስ መጀመሪያ የተደረገው ያንን የደረቀ ሳሙና ማጠብ ነው፣ ሲቃጠል ካለቀሰው ሲታጠብ ያለቀሰው ባሰ። ደግነቱ ትንሽ ውሃ ቋጠረ እንጂ ጥልቅ አይደለም ተባልኩ።

ጥያቄዬ ምን መሰላችሁ፣ ዩቲዩብ ላይ የማየው ሁሉ የደረጃ በር፣ የመሳቢያ ቁልፍ ምናምን ነው፣ እኔ ደረጃም መሳቢያም የለኝ! ስቶቩም፣ ከሰል ምድጃውም፣ የውሃ በርሜሉም፣ አልጋውም አንድ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ቤት የሚሠራ ነገር ንገሩኝ። አማቴን ደግሞ ቡናውን ጠረጴዛ ላይ ያፍሉት ብላቸው "ቡና ቆሞ ይፈላል እንዴ?" አሉኝ፣ ምን ብዬ ልመልስ?

እማ ሦስት (አባይ ማዶ)፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እኔ ሦስቱንም ያሳደግኩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ የመጀመሪያዋ ተቃጥላለች፣ ሁለቱ ግን አልተቃጠሉም፣ ከሷ ነው የተማርኩት። ከአማትሽ ጋር በቡናው አትጣይ፣ አታሸንፊም። ሰዓቱን ብቻ ቀይሪው፣ ልጁ ሲተኛ ይፈላ። ካልተኛ ደግሞ ከሁለታችሁ አንዳችሁ እዘሉት፣ ግን የምታፈላዋ አይደለችም፣ ልጅ አዝለሽ ጀበና ስታወርጂ እጁን በጎን ሰድዶ ሲይዝ አይቻለሁ። ሌላው ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጠፋ ማለት በረደ ማለት አይደለም፣ የመጨረሻውን እንጀራ አውጥተሽ ገመዱን ነቅለሽ ሻይ እስክትጠጪ ድረስ እንኳ ይፋጃል። እኔ አክንባሎውን እከድንበትና አግዳሚ ወንበሩን አዙሬ እገድብበታለሁ፣ ገመዱን ደግሞ ላዩ ላይ ጠቅልዬ፣ ተንጠልጥሎ ካየ ይጎትተዋላ። የሽሮ ድስትም እጀታውን ወደ ግድግዳ አዙሪው።

ጣና ዳር፦
አባት ነኝ፣ ካላችሁ ስላላችሁ ልጻፍ። እዚህ ሰፈር ሁላችንም ልጅ ይዘን የምንፈራው ሐይቁን ነው፣ ልጄን ላጣት የነበረው ግን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። ውሃ ሲመጣ ያው ያገኘነውን ዕቃ ሁሉ እንሞላለን፣ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጀሪካን። ባለቤቴ ልብስ ዘፍዝፋ ወደ ሱቅ ሄደች፣ እኔ ቤት ውስጥ ስልክ እያወራሁ ነበር፣ የምር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ለምን እንደወጣሁ እስካሁን አላውቅም፣ ስወጣ ያየሁት ሰማያዊ የኮንጎ ጫማዋን ነው፣ ሁለቱም ወደ ሰማይ። ውሃው ክርን አያደርስም እኮ! ስስባት አስላት፣ አስመለሳት፣ ከዚያ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ሆስፒታል ወስደናት አደረች፣ ዳነች ተመስገን። በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ በዚህ ዕድሜ ጭንቅላታቸው ለሰውነታቸው ከባድ ስለሆነ ጎንበስ ብለው ከተደፉ ራሳቸውን ማንሳት አይችሉም፣ መንቦራጨቅም መጮኽም የለም፣ ዝም ነው። አሁን እኛ ቤት ሳፋ ሥራው እንዳለቀ ተገልብጦ ነው የሚያድረው፣ በርሜሉም ክዳኑ ላይ ድንጋይ አለው። ድንጋዩን ደግሞ እሷ የማታነሳው ይሁን፣ የመጀመሪያውን አንስታዋለች።

ዝምተኛው፦
አታካብዱ ባካችሁ። እኛን ማን ጠብቆን ነው ያደግነው? መሬት ላይ ተንከባለን፣ አፈር በልተን። ዎከር ግዙለትና እሱ ውስጥ ይዋል፣ አለቀ።

እማ ሦስት (አባይ ማዶ)፦
አንተ አድገህ ነው የምታወራው፣ ያላደጉት መጥተው አይጽፉልህ።

ነርሷ እህታችሁ፦
ከሥራ ገብቼ ነው ያየሁት፣ ረዘም ይላል ይቅርታ። ከዎከሩ ልጀምር። ዎከር ልጁን አያስቀምጠውም፣ ጎማ ነው የሚገጥምለት። በእግሩ ሦስት እርምጃ የሚሄደው ልጅ በዎከር እጅሽን እስክትዘረጊ ምድጃው ጋ ይደርሳል፣ ቁመቱም ከፍ ስለሚል ያልደረሰበትን ይደርስበታል። ካናዳ በፈረንጆቹ 2004 ሽያጩን ጭራሽ ከልክላዋለች፣ እኛ ደግሞ ለልደት እንሰጣለን።

ቃጠሎ፦ የባቢ እናት፣ እጅ ስለሆነ ወዲያው መውሰድሽ ልክ ነው። ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ከሆነ ወይም ከልጁ መዳፍ ከሰፋ ቤት አይቆይም። ግን ከመሄድ በፊት 20 ደቂቃ ሙሉ ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ አፍስሱበት፣ ቧንቧው ከጠፋ ከጀሪካን በጆግ እየቀዳችሁ። 20 ደቂቃ ልጅ እያለቀሰ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ፣ ሰዓት እያያችሁ። አምባር ካለው ሳያብጥ ቶሎ አውልቁ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ በረዶ አይነካውም። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ወይም ባልተነካ ፌስታል ሸፍናችሁ ይዛችሁ መምጣት ነው።

አሁን ማንም ያላነሳው። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ጀበናው አይደለም፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። በረኪና ከሱቅ በሃይላንድ፣ ነጭ ጋዝ በሃይላንድ፣ የምንጠጣው ውሃም በሃይላንድ። ልጁ ማንበብ አይችልም፣ ጠርሙሱን ግን ያውቀዋል፣ ሲጠማው ከሱ ነዋ የምታጠጪው! እባካችሁ በረኪናውንም ነጭ ጋዙንም በየራሳቸው ጠባብ አፍ ጀሪካን አድርጉና ጣራ ሥር ምስማር ላይ ስቀሉ፣ አልጋ ሥር ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ አውጡት። በእርግዝና ጊዜ የሚሰጠን የደም ማነስ ኪኒንም እንደዚያው፣ ቀይ ስለሆነ ከረሜላ ይመስለዋል፣ ብዙ ከዋጠ ይገድላል። በቆሎ ጆንያ ውስጥ የሚጨመረው የነቀዝ ኪኒን ደግሞ መዋጥም አያስፈልገውም፣ እርጥበት ሲያገኝ መርዛም ጋዝ ይለቃል፣ የምትተኙበት ቤት ውስጥ በጭራሽ።

ቆሎና ፈንዲሻም አለ። ቡና ላይ ይበተናል፣ ልጁ ይለቅማል፣ ኦቾሎኒ ደግሞ ባሰ። ካነቀው፣ ማሳል ከቻለ ተዉት ይሳል። ድምፅ ካጣ ዓመት ለሞላው በደረቱ ደገፍ አድርጋችሁ በሁለቱ ትከሻ መሀል 5 ጊዜ በመዳፍ ተረከዝ መምታት፣ ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መግፋት፣ እየቀያየራችሁ። ዓመት ላልሞላው ሆዱ አይገፋም፣ የሚገፋው ደረቱ መሀል ነው። ሳታዩ ጣት አትክተቱ፣ ወደ ውስጥ ነው የምትገፉት። የሪሞት ክብ ባትሪ ከዋጠ ደግሞ ደህና ቢመስልም እየሮጣችሁ ኑ፣ ጉሮሮውን በሰዓታት ውስጥ ይበላዋል።

የባቢ እናት፦
ኧረ አስፈራሽኝ ነርስዬ። በረኪና ቢጠጣ ወተት ሰጥቶ ማስመለስ ነው ሲሉ የሰማሁት፣ ልክ አይደለም?

ነርሷ እህታችሁ፦
በጭራሽ እንዳታስመልሺው። ሲወርድ ያቃጠለውን ሲወጣ ደግሞ ያቃጥለዋል። ነጭ ጋዝ ከሆነ ደግሞ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባል፣ ሰው የሚሞተው በዚያ ነው። አፉን አጥቢው፣ ልብሱ ላይ ከፈሰሰ አውልቂው፣ ጠርሙሱን ይዘሽ ሩጪ፣ ምን እንደሆነ ካየን ጊዜ አናባክንም።

ጣና ዳር፦
ጠርሙሱን ይዞ መሄድ አላሰብኩበትም ነበር። እኛ ቤት በረኪናው ሽንት ቤት በር ሥር ነው፣ አሁን ተነሳሁ።

የባቢ እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ አልጋ ሥር በባትሪ ገብቼ ፈተሽኩ፣ ሁለት ሃይላንድ ጎን ለጎን አገኘሁ፣ አንዱ ውሃ ነው አንዱ ነጭ ጋዝ፣ ክዳናቸው እንኳ አንድ ዓይነት። ባለቤቴን የቱ የቱ ነው ብለው አሽትቶ ነው የለየው። አማቴ ጽሑፋችሁን ሳነብላቸው ስለ ጥርስ ሳሙናው ጸጥ አሉ፣ ስለ ሳፋው ግን "ይሄ ሰውዬ እውነቱን ነው" ብለው ወጥተው የኛንም የጎረቤታችንንም ሳፋ ገልብጠው መጡ፣ ጎረቤታችን ልብስ ዘፍዝፋ ነበር፣ ተጣልተናል። ቡናው መሬት ላይ ነው አሁንም፣ ልጁ ከተኛ በኋላ። ዛሬ አልተኛም ብሎ ሦስተኛው ሳይፈላ ቀረ፣ እሳቸው አኩርፈዋል፣ ባቢ ግን ፋሻውን እየነከሰ ቤቱን ያስሳል።