የቢሮ ስልክ በኢንተርኔት፦ ይጠራል፣ ይነሳል፣ ድምፁ ግን የለም

ኬብል_10፦
ሰላም። አስቴሪስክ (የቢሮ ስልክ ማዞሪያ ፕሮግራም) ሰርቨር ላይ 15 የኤስአይፒ (በኢንተርኔት ጥሪ የሚያገናኝ ደንብ) ስልክ ተክለናል። እርስ በርስ ስንደዋወል ችግር የለም። ወደ ውጭ ስንደውል ግን ይነሳል፣ እነሱ ይሰሙናል፣ እኛ አንሰማም። ከውጭ የሚገባው ጥሪ ደግሞ ልክ 32 ሰከንድ ላይ ይቋረጣል። ኢንተርኔታችን በሁለቱም አቅጣጫ 4 ሜጋ ቢት ነው። ፍጥነት እንጨምር?

ፓኬት_ቆጣሪ፦
ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ችግሩ የፍጥነት አይደለም። ጥሪውና ድምፁ የሚሄዱት በየራሳቸው መንገድ ነው። ኤስአይፒ በ5060 ፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) ይጠራል፣ ያስነሳል፣ ይዘጋል፤ በቃ። ድምፁን የሚያመላልሰው አርቲፒ ነው፣ አስቴሪስክ ላይ በተለምዶ ከ10000 እስከ 20000 ባሉት የዩዲፒ ፖርቶች። ሰርቨሩ ጥሪ ሲጀምር «ድምፁን በዚህ አድራሻ ላኩልኝ» ይላል፤ ከናት (የውስጥ አድራሻን በውጭ አድራሻ ከሚተካው የራውተር ሥራ) ጀርባ ስለተቀመጠ የሚሰጠው በ192.168 የሚጀምረውን የውስጥ አድራሻ ነው። ከውጭ ወደዚያ የተላከ ነገር የትም አይደርስም።

32 ሰከንዱም ከዚሁ የመጣ ነው። ስልኩ ሲነሳ ሰርቨራችሁ «ተነስቷል» ብሎ ማረጋገጫ ይጠብቃል። ማረጋገጫው ወደዚያው የውስጥ አድራሻ ተልኮ ይጠፋል። ሰርቨሩ ደጋግሞ ይልክና ጊዜው ሲያልቅ ይዘጋዋል።

መፍትሔው፦ የፒጄሲፕ (የአስቴሪስክ የኤስአይፒ ክፍል) ትራንስፖርት ቅንብር ላይ «ኤክስተርናል ሚዲያ አድሬስ» እና «ኤክስተርናል ሲግናሊንግ አድሬስ» የሚሉት ቦታ የውጭ አይፒያችሁን ጻፉ፤ «ሎካል ኔት» ላይ የውስጡን ኔትወርክ። ኤንድፖይንቱ (የስልኩ ወይም የመስመሩ ቅንብር) ላይ «ዳይሬክት ሚዲያ» ኖ፣ «አርቲፒ ሲሜትሪክ» የስ ይሁን። ራውተሩ ላይ የአርቲፒ ፖርቶቹን ወደ ሰርቨሩ ምሩ፣ ኤስአይፒ ኤኤልጂ የሚባለውን ደግሞ አጥፉ፤ ሊረዳ ገብቶ አድራሻውን በግማሽ ቀይሮ የሚያበላሽ ነገር ነው። የትራንስፖርት ለውጥ በሪሎድ አይያዝም፣ አስቴሪስኩን ሪስታርት አድርጉ።

ወረፋ_አስከባሪ፦
ስለ ፍጥነቱ ሒሳቡ ይኸው። ጂ.711 (ድምፅ ወደ ዲጂታል የሚቀየርበት አሠራር) ድምፁ ብቻ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ነው፤ በሰከንድ 50 ፓኬት ከነራስጌው ሲላክ ኢተርኔት ላይ 87 ገደማ ይሆናል። 15ቱም አንዴ ቢያወሩ በየአቅጣጫው 1.3 ሜጋ ቢት ነው። 4 ይበቃል፤ ግን አንዱ ትልቅ ፋይል ወደ ላይ ሲጭን ድምፅ ይቆራረጣል። ስለዚህ ራውተሩ ላይ የአፕሎዱን ጣሪያ ከትክክለኛው ፍጥነት ትንሽ ዝቅ አድርጉና ዲኤስሲፒ 46 (ለድምፅ የሚሰጥ የቅድሚያ ምልክት) ላለው ፓኬት ቅድሚያ ስጡ። ምልክቱ የሚከበረው እናንተ ራውተር ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዋስትና የለውም። የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ሰው እየተሻማ ማውራት ይጀምራል።

ኬብል_10፦
አመሰግናለሁ። 5060ንም ለሁሉም እንክፈተው?

ፓኬት_ቆጣሪ፦
በፍጹም! ትራንኩ (ከስልክ አቅራቢው ጋር የሚያገናኛችሁ መስመር) በሬጅስትሬሽን ከሆነ፣ ማለትም ሰርቨራችሁ ራሱ አቅራቢው ዘንድ የሚመዘገብ ከሆነ፣ ጨርሶ መክፈት ላያስፈልግ ይችላል፤ ካስፈለገም ለአቅራቢው አይፒ ብቻ። ያንን ፖርት ቀን ከሌት የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ። የውስጥ ቁጥሩ 101፣ የይለፍ ቃሉም 101 የሆነ ስልክ ካገኙ ሌሊቱን ውጭ አገር ሲደውሉ ያድራሉ፣ ሒሳቡ የእናንተ ነው። የማያስፈልጋችሁ ከሆነ የውጭ አገር ጥሪን አቅራቢው ዘንድ አዘጉት።