የመጠለያው ዕቅድ፦ አስተያየት እስከ ሐሙስ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። በርዕደ መሬቱ ከአፋር ክልል አዋሽ ፈንታሌ ወረዳ ለተፈናቀሉ 40 አባወራዎች ድንኳን ገዝተን እንልካለን። ሸራው ላይ የማኅበሩ ስም ይታተማል።

ገንዘብ ያዥ፦ ማተሚያው ስንት ነው? የቲሸርቱ ሒሳብ ገና አልተወራረደም።

የአዋሽ ልጅ፦ ለምን ድንኳን? በዚያ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ሸራ ውስጥ አያስቀምጥም። ቆርቆሮማ ይብሳል። አፋሮች ደቦይታ የሚባል ቤት አላቸው። ሴቶቹ ናቸው የሚሠሩት። እንጨቱን አጉብጠው ያስሩታል፣ በዘንባባ ሰሌን ያለብሱታል። ከታች ገለጥ ሲያደርጉት ነፋስ ይገባል። ሲነሱ ፈትተው በግመል ይጭኑታል። ታኅሣሥ 26 ሌሊት ምድሩ ሲናጥ ሰው የሸሸው ከድንጋይና ከብሎኬት ግድግዳ ነው። ሰሌንና ገመድ እንግዛላቸው።

አንጋፋ አባል፦ ይሁን። ግን ሰሌን ላይ ስም እንዴት ይታተማል?

የአዋሽ ልጅ፦ ስሙ ይቅራ!

አንጋፋ አባል፦ ለምን ይቀራል? ባለፈው የላክነውን ዱቄት ሌሎች ሰጡት ተብሎ ሲወራ የት ነበርሽ? ያዋጣው ሰው ገንዘቡ የት እንደደረሰ ማየት አለበት።

የአዋሽ ልጅ፦ ጋሼ፣ ቤቱ የፈረሰበት ሰው በራፉ ላይ የኛን ስም ለጥፎ ይኑር?

አንጋፋ አባል፦ አንቺ ልጅ፣ የራሴን ስም አላልኩም። የማኅበሩን ነው። ክብር ይኑርሽ።

ሌላ አባል፦ ጋሼ ልክ ናቸው። ስም ከሌለ እኔ አላዋጣም።

ገንዘብ ያዥ፦ እስካሁንም አላዋጣህም።

ጸሐፊ፦ ኧረ ተረጋጉ! የሰሌን ዋጋ አጣራለሁ ያልከው ልጅ፣ የት ደረስክ? መኪና አለኝ ያልከውስ?

የአዋሽ ልጅ፦ ጋሼ፣ ቃሌ ከሮ ከሆነ ይቅርታ። ሐሳቤ ግን ያው ነው። ደግሞ በልግ ሲገባ ዝናብ አለ፤ ከሰሌኑ በላይ የሚደረብ ሸራ ያስፈልጋል።

አንጋፋ አባል፦ ተይው ልጄ። እንግዲያው መግቢያው ላይ አንድ ታፔላ ይተከል። የብረት ይሁን።

ሌላ አባል፦ በሁለት ቋንቋ፣ በአማርኛና በአፋርኛ።

ገንዘብ ያዥ፦ የብረት ታፔላ ከተሠራ ሰሌኑ ለ40 አባወራ አይበቃም። ከ25 አያልፍም።

የአዋሽ ልጅ፦ 15 ቤተሰብ በታፔላ?

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ ሰሌን፣ ገመድና መደረቢያ ሸራ ለ25፣ አንድ ታፔላ። ለቀሩት 15 የገቢ ማሰባሰቢያ እራት እናዘጋጅ።

ሌላ አባል፦ እራቱ ከጾሙ በፊት ይሁን። አዳራሽ የሚያውቅ አለ?