የቪጎ ፒካፕ ፊቷ ተደፍቷል፤ በብረት ላስነሳት ወይስ ሞላ ልቀይር?

የሮቤው

ሰላም ወገኖች። የ2012 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎ አለችኝ፤ ደብል ጋቢና፣ ፎር ዊል፣ ናፍጣ። ሥራዋ ከሮቤ ወደ ገጠር ዘርና ማዳበሪያ ማድረስ ነው። ስትሄድ ስድስት ሰባት ኩንታል ትጭናለች፣ ስትመለስ ብዙ ጊዜ ባዶዋን ናት። አምና የፋብሪካውን ፓራውልት አውርጄ ወፍራም የብረት አስገጠምኩላት። ከዚያ ወዲህ ባዶ ስትሆን ፊቷ ተደፍቶ ኋላዋ ከፍ ይላል። ጉድጓድ ስትገባ ደግሞ ከፊት ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማኛል።

እዚህ ያለ መካኒክ በሁለቱም በኩል ከሾክ አብዞርበሩ በላይ አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር ብረት ቶርኖ ቤት አሠርቶ ሊያስገባልኝ ነው። «አምስት ሳንቲ ሜትር ትነሳለች» ይላል። ዋጋው ቀላል ነው፤ ግን ከመስማማቴ በፊት የምታውቁ ምከሩኝ።

መካኒክ ከአዳማ

ወንድሜ፣ አምስት ሳንቲ ሜትሩን እንዳታስገባ። የቪጎ ሾክ ከነሞላው የሚያርፈው የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው የሚያገናኘው ክንድ) መሐል አካባቢ ነው እንጂ ጎማው ጋ አይደለም። በርን ማጠፊያው አጠገብ ትንሽ ስትገፋው ጫፉ ብዙ እንደሚሄደው ሁሉ፣ ከላይ የገባ አንድ ሳንቲ ሜትር ብረት ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ ሁለት ይጠጋል። አምስት ካስገባህ ዘጠኝ አስር ትነሳለች ማለት ነው። ያኔ ሲቪ ጆይንቱ (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) ከልክ በላይ ታጥፎ ይሽከረከራል፣ የራሱ የላስቲክ ሽፋን ይቀደዳል፣ የላይኛው ቦል ጆይንት (ብራቾውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ኳስ መገጣጠሚያ) መጨረሻው ላይ ይደርሳል፣ የላይኛው ብራቾም ሞላውን መንካት ይጀምራል። ሌላ ነገር ሳይቀየር ጎማው ጋ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የመጨረሻው ነው፤ ለዚያ የሚበቃው ብረት ሁለት ተኩል ያህል ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ለካ። ከመሬት አትለካ፣ የጎማው ንፋስ ያሳስትሃል። ባዶዋን ደልዳላ ቦታ አቁመህ ከቸርኬው መሐል ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ፤ አራቱንም። ከዚያ የብረት ፓራውልቱን አውርደህ ትንሽ ነድተህ ደግመህ ለካ። ፊቷ በደንብ ከተነሳ ችግሩ ክብደቱ ነው። ብዙም ካልተነሳ ሞላው ደክሟል። በደከመ ሞላ ላይ ብረት ብታስገባ ከፍታ ታገኛለህ እንጂ ጉልበት አታገኝም። የምትሰማው ግጭትም ሊብስ ይችላል፤ ብረቱ ሾኩን ወደ ታች ስለሚገፋው፣ ብራቾው መከላከያ ጎማው ላይ ሳያርፍ ሾኩ ውስጡ ተጨርሶ ይመታል።

ጭነትህንም አስብ። ፋብሪካው ኋላዋን ከፍ ያደረገው ስትጫን እንድትስተካከል ብሎ ነው። ባዶዋን ልክ ካደረግካት ሰባት ኩንታል ስትጭንባት ፊቷ ወደ ላይ ይንጋጠጣል። መሪው ይቀላል፣ መብራቷም ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። ለአንተ ሥራ ባዶዋን ስትሆን ኋላዋ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብትል ይሻላል።

መለዋወጫ ሻጭ፣ ሱማሌ ተራ

መካኒኩ ያለው ትክክል ነው። ሞላ ስትገዛ ግን «የቪጎ የፊት ሞላ» ብለህ ብቻ አትጠይቅ። እንደ ኦልድ ማን ኢሙ ያሉት የአውስትራሊያ ሞላዎች በክብደት የተለያዩ ናቸው፤ የፋብሪካ ፓራውልት ላላት፣ የብረት ፓራውልት ላላት፣ ዊንች (የመጎተቻ ገመድ ማሽን) ለጨመረችም ለየብቻ ይሠራሉ። የናፍጣና የቤንዚን ሞተርም ክብደቱ ይለያያል። የፓራውልቱን ክብደት አስመዝነህ ና። የከበደውን ልግዛ ብለህ ከልክ በላይ ጠንካራ ከወሰድክ ባዶዋን ስትሆን ታንገጫግጭሃለች።

የቶርሽን ባር ጥያቄ፣ ሐዋሳ

ይቅርታ፣ መሐል ገባሁ። የእኔ የ2008 ኢሱዙ ዲማክስ ፎር ዊል ናት፤ ከፊት ሞላ የላትም። እሷንስ እንዴት ነው?

መካኒክ ከአዳማ

እህቴ፣ ያንቺዋ ቶርሽን ባር ናት፤ በሞላ ፈንታ የሚጠመዘዝ ረጅም የብረት ዘንግ ነው የያዛት። ከሻንሲው ሥር ያሉትን ሁለት ማስተካከያ ብሎኖች ወደ ላይ ማጥበቅ ብቻ ነው፣ ምንም የሚገዛ የለም። ግን ባሩን አያጠነክረውም፤ ከፍ ባለ ቁጥር ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያንሳል፣ አነዳዷም ይደርቃል። ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ብሎኑ የሚጠብቀው መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ነው፤ ለመለካት አውርደሽ ትንሽ ነድተሻት ይሁን።

ከቨርጂኒያ

እኔ ቶዮታ ታኮማ ፒካፕ ነው ያለኝ፣ ከፊት አሠራሩ ከቪጎ ጋር ይቀራረባል። እዚህ ቢልስታይን 5100 የሚባለውን ሾክ ብዙ ሰው ይገጥማል፤ የሞላው መቀመጫ በቀለበት ከፍ ዝቅ ስለሚል ከላይ ብረት አያስፈልገውም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፊት ከተነሳ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቋምና አቅጣጫ ማስተካከል) ግዴታ ነው። ካምበሩ (ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) ይለወጣል፣ ካስተሩም (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ማዘንበሉ) ይቀንሳል፤ ካስተር ሲያንስ መኪናዋ በፍጥነት ስትሄድ መንገድ አትይዝም፣ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም። ቁጥሩን በወረቀት አትመው እንዲሰጡህ ጠይቅ። መብራቱንም አስተካክል፤ እዚህ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ይታያል።

የሮቤው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁ፦ ከፓራውልቱ ጋር ግራው 46፣ ቀኙ 47፣ ኋላዋ 54 ሳንቲ ሜትር ነው። ፓራውልቱ ሲወርድ ፊቷ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳን አልተነሳም። ሞላው የፋብሪካው ነው፣ ተቀይሮ አያውቅም። እንግዲህ ሞላና ሾክ ልቀይር ነው። መካኒኩ ሲሠራ ምን ልቆጣጠር?

መካኒክ ከአዳማ

ጥሩ አድርገሃል። መጀመሪያ የታችኛው ብራቾ ሥር ያሉትን ማስተካከያ ብሎኖች እዩ። አላይመንት የሚስተካከለው በእነሱ ነው። ለዓመታት ጭቃ የገባባት መኪና ላይ ብሎኑ ከጎሚኒው (ከብራቾው መጋጠሚያ ላስቲክ) የውስጥ ብረት ጋር ዝጎ ይጣበቃል፤ ዳዶው ይዞራል፣ ብሎኑ ንቅንቅ አይልም። ይህን ሞላው ከገባ በኋላ ካወቃችሁት ፊቷ ተነስቶ ጎማው ተጣሞ ትቀራለህ፣ አዲስ ጎማ በአጭር ጊዜ ይበላል። ቀድማችሁ የዝገት ዘይት ርጩበት፣ ያለበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ መላቀቁን አረጋግጡ።

ሾኩ ከነሞላው ሲወጣ ከላይ ሦስት ዳዶ፣ ከታች አንድ ብሎን ነው። መሐል ላይ ያለውን አንዱን ዳዶ መኪናዋ ላይ እያለ ማንም እንዳይነካ፤ የታመቀውን ሞላ የያዘው እሱ ነው፣ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ሞላውን ከሾኩ ለመለየት ትክክለኛ የሞላ መጭመቂያ ያለው ጋራዥ ውሰዱት። በሽቦ ወይም በሰንሰለት ልሰረው የሚል ካለ ሥራውን አስቁመው።

ብራቾው ሲወርድ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው እንዳይወጠሩ ይፈቱ። የጎማው ክብደትም ሲቪው ላይ አይንጠልጠል። ሌላው ብዙ ቦታ የሚበላሸው የመጨረሻው ማጥበቅ ነው፦ ጎሚኒ ውስጥ የሚያልፉት ብሎኖች መኪናዋ በጎማዋ መሬት ከቆመች በኋላ ነው የሚጠብቁት። ተንጠልጥላ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

የግራው አንድ ሳንቲ ሜትር መውረድ አያሳስብህ፤ አዲሱ ሞላ ገብቶም ከቀጠለ በግራ በኩል ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብረት ከሞላው ጫፍ ማስገባት ይቻላል።

አዲስ ሞላ መጀመሪያ ላይ ከፍ ብሎ ኋላ ትንሽ ይረግባል። ጭነህ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ንዳት፣ ብሎኖቹ ይፈተሹ፣ ደግመህ ለካ፤ አላይመንቱንና መብራቱን የዚያን ጊዜ በድጋሚ አሳይ። ቁጥሩን እዚህ ጻፍልን፣ ግራውን አብረን እናየዋለን።